ከትራፊ ክር ቀንድ አውጣ፦ ዳንቴል ለለመደ እጅ የተጻፈ የኪሮሽ መመሪያ

ዳንቴል የሚያምረው በቀዳዳው ነው፤ አሻንጉሊት የሚበላሸውም በቀዳዳው ነው። ይህ የገባኝ አንድ ሙሉ ቀንድ አውጣ ሠርቼ፣ ባዘቶ ጠቅጥቄ፣ ኮምቦልቻ ለሚኖረው የእህቴ ልጅ ከሰጠሁት በኋላ ነው። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። አቅፎት አደረና ጠዋት ላይ «አክስቴ፣ ቀንድ አውጣው ሸብቷል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ጥጡ በየዓይኑ፣ ማለትም ኪሮሽ በሚሠራው በእያንዳንዱ የክር ጥልፍልፍ፣ ክፍተት እየሾለከ ወጥቶ ቡናማው ዛጎል ላይ ነጭ ጠጉር አብቅሏል።

ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ኪሮሽ የያዝኩት ፊደል ሳልጨርስ ነው። የሶፋ፣ የቴሌቪዥን፣ የጠረጴዛ፣ የረከቦት ልብስ፣ ያልሠራሁት የለም። እጄ የለመደው ግን ላላ ያለ፣ ከሥሩ ያለውን እንጨት የሚያሳይ ሥራ ነው። አሻንጉሊት የታፈነና ውስጡን የማያሳይ ሥራ ይፈልጋል። ከሸበተው በኋላ ስድስት ሌሎች ሠርቻለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው የሰባተኛው አሠራር ነው። ኪሮሽ ይዛችሁ የማታውቁ ብትሆኑም መከተል ትችላላችሁ። እንዲያውም እጃችሁ ላይ የምታስለቅቁት ልማድ ስለሌለ ከእኔ ቀድማችሁ ሳትጨርሱ አትቀሩም።

ሲያልቅ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዛጎሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። ገላው 330 ዓይን፣ ዛጎሉ 316 ዓይን፣ ሁለቱ ተደምረው 646 ናቸው። አንድ የሶፋ ልብስ ስንት ዓይን እንደሚበላ የሚያውቅ ሰው በዚህ ቁጥር ይስቃል።

ዕቃው

ክሩ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክር ነው። ሁለት ቀለም ይበቃል፤ አንዱ ለገላው፣ ሌላው ለዛጎሉ። አዲስ ልቃቂት መግዛት አያስፈልግም፤ ከሹራብ የተረፈ ካለ እሱ ይበቃል። የዳንቴል ክር ግን አይሆንም፤ በእሱ ብትሠሩ የጥፍር ያህል ቀንድ አውጣ ይወጣችኋል። ከሱቅም ሆነ ከሰኞ ገበያ የምትገዙ ከሆነ ጫፉን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ኋላ ፍቱት። ወዲያው ወደ ሦስትና አራት ቀጫጭን ክር የሚበተን ከሆነ ተዉት፤ ኪሮሹ ግማሹን እየያዘ ግማሹን እየጣለ ያሰለቻችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ደግሞ ፈካ ያለ ቀለም ምረጡ። መብራት በጠፋበት ምሽት በሻማ ጥቁር ክር ላይ ዓይን መቁጠር ምን እንደሚመስል እኔ ቀምሼዋለሁ።

የደጋውን የወሎ በግ ጠጉር፣ ባና የሚሠራበትን፣ ሞክሬ ነበር። መልኩ ለዛጎል እንደተፈጠረ ነው። ነገር ግን ይኮሰኩሳል፣ ይረግፋል፤ ልጅ ደግሞ አሻንጉሊትን መጀመሪያ የሚተዋወቀው በአፉ ነው። ለመደርደሪያ ጌጥ ከሆነ ሥሩበት።

ኪሮሹ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በየቤታችን ያለው የዳንቴል ኪሮሽ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቀጭን ብረት ነው፤ የሹራብ ክር አይይዝም፣ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እጀታው ላይ ተቀርጿል። ከሌለበት የእስክሪብቶ ቀለም የሚሞላባትን የውስጥ ቀጭን ቱቦ አውጡና አስተያዩት፤ ውፍረታቸው ከተቀራረበ ልክ ነው። የክሩ ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ ቢልም አትስሙት። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ሹራብ ነው፤ ሹራብ እንዲለጠጥ ይፈለጋል፣ ቀንድ አውጣ ግን አይለጠጥም።

ለመሙያ የሚሆነው የአሮጌ ትራስ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ጥጥ ነው። ባዘቶ ቤት ውስጥ ስላለ ያጓጓል፤ ግን ይከብዳል፣ ሲታጠብ ይቋጠራል፣ ደሴ ላይ በሐምሌ ከታጠበ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል ብላችሁ አትጠብቁ። የተቆራረጠ ስፖንጅም አትጠቀሙ፤ ማዕዘኑ ከውጭ እየተገፋ የታመመ ያስመስለዋል።

ከዚህ ሌላ ዓይኑ ሰፊ የሆነ፣ ጫፉ ያልሾለ ወፍራም መርፌ፣ መቀስ፣ ጥቂት ጥቁር ክር፣ አንድ እርሳስና አንድ መርፌ ቁልፍ አዘጋጁ። መርፌ ቁልፉን ንቃችሁ እንዳትተዉት፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

አጭሩ ዓይን

ዳንቴል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኪሮሹ ላይ አስቀድመን ክር ጠምጥመን ነው የምንገባው፤ ዓይኑም ረጅም ይሆናል። እዚህ አስቀድሞ መጠምጠም የለም። ኪሮሹን ባዶውን ከታች ባለው ዓይን ውስጥ አስገቡ፤ ከላይ የተጋደሙትን ሁለቱንም ክሮች ይዞ ይግባ። ክር ያዙና አውጡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ያዙና በሁለቱም ውስጥ በአንዴ አሳልፉ። አለቀ። መላው ቀንድ አውጣ ከቀንዱ በቀር ይህ ብቻ ነው።

አንድ ምስጢር ልጨምር። ክሩን መጀመሪያ ስትይዙ እንደ ልማዳችሁ ክሩን በኪሮሹ ላይ ከማዞር ይልቅ ኪሮሹን ከክሩ በላይ አሳልፋችሁ በመንጠቆው ከሥር ሳቡት። ልዩነቱ የክር ውፍረት ያህል ነው፤ ግን ዓይኑ ያጥርና ይጠብቃል። በተለመደው መንገድ የተሠራ ዓይን ከፊት ሲታይ «ሀ» ፊደል ይመስላል። በዚህኛው መንገድ የተሠራው ደግሞ ዘንበል ያለ «ተ» ይመስላል። ረድፉ ላይ «ሀ» እና «ተ» ተደባልቀው ካያችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ወደ ልማዱ ተመልሷል ማለት ነው።

ጥብቀቱን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። አራት አምስት ዙር ከሠራችሁ በኋላ ሥራውን ጣታችሁ ላይ አጥልቃችሁ ወደ መስኮት አንሡት። በዓይኖቹ መካከል ጥፍራችሁ ከታያችሁ ላልቷል፤ ፍቱትና ወይ ክሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ወይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ኪሮሽ ውሰዱ። ኪሮሹ ዓይን ውስጥ ለመግባት እያቃሰተ ከሆነ ደግሞ አጥብቃችኋል። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ችግር ብዙም አይገጥመኝም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርጄ ኮምቦልቻ፣ እህቴ በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ስቀመጥ ግን እጄ ያልበውና ክሩ ኪሮሹ ላይ ይጣበቃል፤ ሳላውቀው አጠብቃለሁ። ቆላ ያላችሁ በጠዋት ሥሩ፤ አለዚያም እጃችሁን ደጋግማችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

መነሻው ክብ

ክሩን በግራ እጃችሁ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ፤ አጭሩ ጫፍ የጣት ርዝመት ያህል ይንጠልጠል። ኪሮሹን በጣታችሁና በክሩ መካከል አሳልፋችሁ ረጅሙን ክር ያዙና ጎትታችሁ አውጡ፤ አንድ ሰንሰለት ሥሩበት፣ ማለትም ክር ያዙና ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ አውጡት፤ ከዚያ ክቡን ከጣታችሁ አውጡት። አሁን እጃችሁ ላይ ልትፈታ የደረሰች የምትመስል የክር ክብ አለች። አትፍሯት። በክቧ ውስጥ፣ የተንጠለጠለውንም ጫፍ አብራችሁ እያቀፋችሁ፣ ስድስት አጭር ዓይን ሥሩ። ከዚያ ጫፉን ሳቡት፤ ክቧ እንደ ከረጢት አፍ ጥርቅም ትላለች።

ይህ ካስቸገራችሁ ሁለት ሰንሰለት ሥሩና ከኪሮሹ ሲቆጠር ሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ ስድስት አጭር ዓይን አስገቡ። መሃሉ ላይ ሚጢጢ ቀዳዳ ይቀራል። አፍንጫው ላይ ስለሆነ ማንም አይናገራችሁም።

ስለ መርፌ ቁልፉ

ዳንቴል ላይ አንድ ዙር ሲያልቅ ዘግተን ሌላ እንጀምራለን። እዚህ መዝጋት የለም፤ ዙሩ በዙሩ ላይ እየተንሸራተተ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ የት እንደጀመራችሁ የሚያሳይ ምልክት የለም። በእያንዳንዱ ዙር የመጀመሪያ ዓይን ላይ መርፌ ቁልፍ ስኩ፤ ዙሩ ሲያልቅ ነቅላችሁ በአዲሱ ዙር የመጀመሪያ ዓይን ላይ መልሱት።

ሦስተኛውን ቀንድ አውጣ የሠራሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መርፌ ቁልፍ አልያዝኩም፤ በጭንቅላቴ እቆጥራለሁ ብዬ ነው። ሐረጎ እስክንደርስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ መታጠፊያው ሲጀምር ሰውነታችን አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው ይጣላል፤ አጠገቤ ያሉት እናት «ያ ረቢ» ይላሉ፤ እኔ ዙር አሥራ አንድ ይሁን አሥራ አራት ጠፍቶኛል። ገምቼ ቀጠልኩ። ኮምቦልቻ ስንገባ እጄ ላይ የነበረው አንገቱ እንደ ቀጭኔ የረዘመ ፍጥረት ነበር። ዓይንና ዙር ያልተቆጠረበት ሥራ መጠገኛ የለውም፤ መፍታት ብቻ ነው። ዙሮቹን በወረቀት ላይ ጻፉና በጨረሳችሁ ቁጥር በእርሳስ ሰርዙ።

ገላው

ከአፍንጫው ጀምረን ወደ ጅራቱ እንሄዳለን።

ዙር 1፦ በመነሻው ክብ ውስጥ 6 አጭር ዓይን።
ዙር 2፦ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ሁለት ሁለት። 12 ይሆናል።
ዙር 3፦ አንዱን ብቻውን፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት፤ ይህን ስድስት ጊዜ ድገሙት። 18።
ዙር 4 እስከ 7፦ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ። 18።
ዙር 8፦ አንዱን ብቻውን፣ ቀጣዮቹን ሁለት አጣምሩ፤ ስድስት ጊዜ። 12።

ማጣመር ማለት ሁለት ዓይንን ወደ አንድ መመለስ ነው። በዳንቴል ልማድ ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ ወግታችሁ ብታጣምሩ ከውጭ ጉብ ያለ ቋጠሮ ይታያል፤ ከጎኑም ቀዳዳ ይከፈታል። ስለዚህ ኪሮሹን በመጀመሪያው ዓይን የፊት ክር (ከላይ ከተጋደሙት ሁለቱ ወደ እናንተ ባለው) ብቻ፣ ቀጥሎ ክር ሳትይዙ በሁለተኛው ዓይን የፊት ክር ብቻ አሳልፉ። አሁን ክር ያዙና በሁለቱ የፊት ክሮች ውስጥ አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይቀራል፤ እንደ ማንኛውም አጭር ዓይን ጨርሱት። የተጣመረበት ቦታ ከሌላው አይለይም።

እዚህ ቆም በሉ። እኔ ጭንቅላቱንና አንገቱን የምጨርሰው ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪወርድ ድረስ ነው፤ እናንተ ቶናው ላይ ብትደርሱም ደህና ነው። ሥራውን ገልብጣችሁ እዩ። አንደኛው ገጽ ላይ ፊደሎቹ ተደርድረዋል፤ ሌላው ላይ አግድም የተኛ ሰረዝ ሰረዝ ይታያል። ፊደሎቹ ውጭ መሆን አለባቸው። ብዙ ጀማሪ ሳያውቀው ገልብጦ ይሠራል። ዘግይቶ ካልሆነ በጣት ገፍቶ መመለስ ይቻላል።

አሁን ጭንቅላቱን ሙሉት። ጥጡን በአንድ ጊዜ አትጠቅጥቁ፤ በሽሮ ማንኪያ ያህል እየቆነጠራችሁ፣ እየፈለቀቃችሁ፣ በእርሳሱ ደንደስ በኩል ግፉት። ጭንቅላቱ ጠንከር ይበል፤ ተጭናችሁ ስትለቁት ይመለስ።

ዙር 9 እስከ 20፦ 12 ዓይን፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ።

አሥራ ሁለት ዙር ያለ ለውጥ መሄድ አሰልቺ ነው፤ ወሬ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በየአራት ዙሩ ጥቂት ጥጥ ጨምሩ፤ ገላው ግን እንደ ጭንቅላቱ አይጠቅጠቅ። ሆዱ መሬት ላይ መተኛት ስላለበት ለስለስ ብሎ ይቅር። ቋሊማ ከመሰላችሁ በዝቷል፤ አውጡለት።

ዙር 21፦ አራት ለብቻ፣ ሁለት ማጣመር፤ ሁለት ጊዜ። 10።
ዙር 22 እና 23፦ 10።
ዙር 24፦ ሦስት ለብቻ፣ ሁለት ማጣመር፤ ሁለት ጊዜ። 8።
ዙር 25 እና 26፦ 8።
ዙር 27፦ ሁለት ለብቻ፣ ሁለት ማጣመር፤ ሁለት ጊዜ። 6።
ዙር 28፦ 6።

ጅራቱ ውስጥ ከዙር 24 በኋላ ምንም አታስገቡ። ክሩን አንድ ክንድ ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፤ መርፌ ላይ አስገብታችሁ በስድስቱ ዓይኖች የፊት ክር ውስጥ አዙሩና ሳቡት፤ ቀዳዳው ይዘጋል። የተረፈውን ክር አትቁረጡት።

ዛጎሉ

ዛጎል የሚሠሩበት መንገድ ብዙ ነው። ሁለት ክብ ሠርተው እንደ ሳንቡሳ የሚገጥሙ አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ግን መጠምጠሙ ላዩ ላይ በክር ስለሚሣል የተሣለ ይመስላል። እኔ የምመርጠው ቀጭን ረጅም ቱቦ ሠርቶ መጠቅለል ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ሲያልቅ ግን የልጅ ጣት ጠመዝማዛውን ተከትሎ ከዳር እስከ መሃል ይሄዳል። የእህቴ ልጅ እንቅልፍ የሚወስደው እንዲህ እያደረገ ነው።

የዛጎሉን ክር ያዙና በመነሻ ክብ ውስጥ 6 ዓይን ሥሩ። ከዚያ እስከ ዙር 10 ድረስ 6 ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ክፍል ነው፤ ቱቦው ከጣት ስለሚቀጥን መያዣ የለውም። እርሳሱን ውስጡ ሰክታችሁ እንደ እጀታ ያዙት። ዙር 11 ላይ ሁለት ለብቻ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት፤ ሁለት ጊዜ ስትደግሙት 8 ይሆናል። እስከ ዙር 22 ድረስ 8። ዙር 23 ላይ ሦስት ለብቻ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት፤ ሁለት ጊዜ፤ 10። ከዚያ እስከ ዙር 38 ድረስ 10።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ዙሮች ባዶ ተዉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳሳ አድርጋችሁ እየሠራችሁ ሙሉ፤ 38 ዙር ጨርሳችሁ ከላይ ልሙላ ብትሉ ጥጡ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። ከመጠን በላይ የተሞላ ቱቦ እንደ ጎማ ቱቦ ይደነድናል፣ አይጠቀለልም። መጨረሻ ላይ ክፍቱን አፍ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ አምስቱን ዓይን ከአምስቱ ጋር ስፉት፤ ሁለት ክንድ ያህል ክር አስተርፉ። አብዛኛው የዛጎሉ ስፌት የሚሠራው በዚህ ክር ነው።

አሁን ጥቅለላው። ከተዘጋው ቀጭን ጫፍ ጀምራችሁ በራሱ ላይ ጠምጥሙት። መጀመሪያ ስሠራው መሃሉ እየተተረተረ ሲያስቸግረኝ ጎረቤታችን ያሉት እናት ስኒያቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና «ይኼማ ጥምጥም ነው! አብሽሪ ልጄ፤ መሃሉን አጥብቀሽ ያዥ፣ ዳሩ ራሱ ይከተልሻል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ጥቅል ሌላ የክር ቁራጭ አስገብታችሁ በሁለት ሦስት ስፌት እሰሩት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳትስቡ እያስተኛችሁ ዙሩት። በየጥቂት ዙሩ መርፌውን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው፣ ጥጡን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርጋችሁ ስፉ። አንዱን ገጽ ስትጨርሱ ገልብጣችሁ ሌላውንም ስፉ፤ ባንድ ወገን ብቻ ከተሰፋ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ይቆለመማል።

በየትኛው አቅጣጫ ይጠምጠም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በተፈጥሮ የአብዛኞቹ ቀንድ አውጣዎች ዛጎል ወደ ቀኝ የሚዞር ነው፤ ወደ ግራ የሚዞር ብርቅ ነው። የእናንተ ጠፍጣፋ ስለሆነ ግን ከአንዱ ጎን ቀኝ፣ ከሌላው ጎን ግራ ይታያል። ክርክሩን እዚያው ተዉት።

ቀንዱ

ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው፦ ቀንድ አውጣ! ክረምት ገብቶ የድንጋይ አጥሩ ሲርስ ልጆች ሆነን በሣር ጫፍ ነካ አድርገን፣ ሲሰበሰብ ጠብቀን፣ እንደገና እስኪያወጣ አጠገቡ እንቀመጥ ነበር። ስለዚህ ቀንድ የሌለው ቀንድ አውጣ ለእኔ የተጠቀለለ ትል ነው።

በየብስ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሁለት ጥንድ አላቸው። ረጅሞቹ ላይኞቹ ናቸው፤ ዓይናቸው ያለው በእነሱ ጫፍ ላይ ነው። አጫጭሮቹ ከታች፣ ወደ አፉ የቀረቡት፣ መዳሰሻና ማሽተቻ ናቸው። እኔ ላይኞቹን ብቻ እሠራለሁ።

በገላው ክር 6 ሰንሰለት ሥሩ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ ሦስት አጭር ዓይን አስገቡ፤ ይህ ጫፉ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ድቡልቡል ያለች ራስ ይሰጣችኋል። በቀሩት አራት ሰንሰለቶች ላይ ኪሮሹን እያስገባችሁ ክሩን ያዙና ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ሳትቆሙ በቀጥታ አውጡ። ከታች ስትደርሱ ክሩን አስተርፋችሁ ቁረጡ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ዓይኑ የሚሠራው ድቡልቡሏ ላይ በጥቁር ክር ነው። መርፌውን አውጡ፣ ክሩን መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፣ በወጣበት አጠገብ መልሳችሁ አስገቡ፤ ትንሽ ጥቁር ቋጠሮ ይቀራል። ጨሌ ወይም ቁልፍ ያምራል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባለበት ቤት አታስገቡት፤ ክሩ አንድ ቀን ይለቃል፣ ጨሌውም ጉሮሮ ይዘጋል። ከንፈር ደግሞ አልሠራለትም። የሚስቅ ቀንድ አውጣ አይቼ አላውቅም።

ቀንዶቹን ዙር 4 እና 5 ላይ፣ በመካከላቸው ሦስት ዓይን ትታችሁ አስቀምጡ። ከመስፋታችሁ በፊት በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ ከፊት እዩት፤ ተራርቀው ከተቀመጡ በግ ይመስላል፣ ተጠጋግተው ከቆሙ የሚደነግጥ ይመስላል። ስፌቱ በቀንዱ ሥር ዙሪያውን ይሁን፤ ከዚያ ክሩን በጭንቅላቱ ውስጥ ወደ ሌላው ወገን አውጥታችሁ፣ ጎትታችሁ፣ ቆርጣችሁ ልቀቁት። ጫፉ ውስጥ ይገባል።

መግጠሙ

የመርፌ ቁልፉ ሲጓዝ የሄደበት መስመር በሆዱ በኩል ይሁን፤ ዙር የሚዛነፍበት ትንሽ ደረጃ የሚታየው እዚያ ነው። መስመሩ ቀጥ ሳይል ወደ ጎን እያዘነበለ ቢወርድ አትደንግጡ፤ የጠመዝማዛ ሥራ ጠባዩ ነው።

ዛጎሉን በጀርባው ላይ ከዙር 10 እስከ 20 ድረስ አቁሙት። ሰፊው ጫፉ ወደ አንገቱ ይዙር፤ ቀንድ አውጣው ከዚያ የወጣ መምሰል አለበት። መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ በግራው ከኋላ ወደ ፊት ስፉ። አንድ ዓይን ከገላው፣ አንድ ከዛጎሉ እያነሣችሁ ሂዱ። መሃሉን ብቻ ከሰፋችሁት እንደ ባንዲራ ይወዛወዛል።

አንገቱ ገና ተኝቷል። ጭንቅላቱን ወደ ላይ አቅኑትና ማጅራቱን፣ ዙር 8 ላይ፣ ከዛጎሉ የፊት ጠርዝ ጋር በሁለት ጠንካራ ስፌት አያይዙት። ፊቱን ቀና ያደርጋል።

ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ወደ ጎን ከወደቀ ሆዱን በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። አሁንም ከወደቀ ጅራቱን ወደ አንድ ወገን አጠፍ አድርጋችሁ ባስተረፋችሁት ክር ከገላው ጋር በአንድ ስፌት ያዙት፤ የታጠፈው ጅራት እንደ እግር ይደግፈዋል። ሰባተኛዬ የቆመው በዚህ ዘዴ ነው።

ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀንድ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጎትቱ። በጨዋነት አይሁን፤ ልጅ እንደሚጎትተው ጎትቱ። ከተንቀሳቀሰ እንደገና ስፉት።

ማጠብ

ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ እየጨመቃችሁ እጠቡት፤ አትሹት፣ አትጠምዝዙት። ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተጫኑትና ውኃውን አስወጡ። የተሞላው በትራስ ጥጥ ከሆነ ኮምቦልቻ ላይ ከጥላ ሥር በአንድ ቀን ይደርቃል፤ ደሴ ላይ በክረምት ሁለት ቀን ስጡት። ሽበታሙን፣ ያንን ባዘቶ የሞላሁትን፣ እህቴ በሐምሌ ለደሴ ጉብኝት ይዛው መጥታ አጥበነው ነበር፤ በአራተኛው ቀንም ሲጨመቅ ዛጎሉ ይቀዘቅዝ ነበር። በአዲሱ ልለውጥልህ ብለው ልጁ አልሰጥም አለኝ። «እሱ አያቱ ነው» አለ፤ ስለዚህ አያትየው እስካሁን አለ፤ በየጊዜው በመቀስ ጢሙን እናስተካክልለታለን።

በቀንዱ አንጠልጥላችሁ አታስጡት፤ ርጥብ ክር ይለጠጣል፣ እንደረዘመም ይቀራል። በጎኑ አስተኙት፣ እኩለ ቀን ላይ ገልብጡት፤ ቀንዶቹን ገና ሳይደርቁ በጣታችሁ አቁሟቸው።